«2 ወንበር ብቻ ቀርቷል» ይለኛል፤ ልመነው?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ለጥምቀት አዲስ አበባ ሄጄ እናቴን ላያት አስቤ፣ አንድ የትኬት ድረ ገጽ ላይ ሦስት ቀን ስፈልግ ሰነበትኩ። ባየሁት ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። «2 ወንበር ብቻ ቀርቷል»፣ «14 ሰው እያየው ነው» ይላል። ከላይ ደግሞ ሰዓት ወደ ኋላ ይቆጥራል። ስልኬን ስከፍት የዚያው በረራ ማስታወቂያ ይከተለኛል። ልቤ ተሰቀለ። እንደቸገረኝ አውቀው ነው የሚጨምሩት?

ትኬት ቢሮ የሠራሁ፦
እህቴ፣ ተረጋጊ። አየር መንገዶች የኢኮኖሚውን ክፍል በፊደል በተሰየሙ የዋጋ ደረጃዎች ይከፋፍሉታል። ርካሹ ሲያልቅ ውድ የሆነው ብቅ ይላል። ስለዚህ «2 ቀርቷል» ማለት ብዙ ጊዜ በዚያ ዋጋ ነው እንጂ አውሮፕላኑ ሞልቷል ማለት አይደለም። በዚያ ላይ ለጥምቀት የማይሄድ ሐበሻ የለም! ሰዓቱን ግን ፈትኚው። ገጹን ዘግተሽ ክፈቺው። እንደ አዲስ ከጀመረ ማስቸኮያ ነው።

ኮድ ጸሐፊው፦
እኔ ያን ያህል አላምናቸውም። የሆቴል ማስያዣው ድረ ገጽ ቡኪንግ ዶት ኮም እንኳ «የመጨረሻው ክፍል» ሲል በራሱ ገጽ ላይ ያለውን ብቻ ማለቱ እንደሆነ በግልጽ እንዲጽፍ በ2019 ለአውሮፓ ኮሚሽን ቃል ገብቷል። ኒው ዮርክ ደግሞ በ2025 የደንበኛን የግል መረጃ ይዞ በአልጎሪዝም (በኮምፒውተር ቀመር) ዋጋ የሚተምን ነጋዴ ይህንኑ እንዲገልጽ የሚያስገድድ ሕግ አውጥታለች። እንዲህ ያለ አሠራር ባይኖር ኖሮ ሕግ ባላስፈለገው።

ማስታወቂያው የሚከተልሽ በኩኪ ነው፤ ድረ ገጾች አንቺን ለመለየት ስልክሽ ላይ የሚያስቀምጡት ትንሽ ፋይል ማለት ነው። ኩኪውን አጥፊ። አይፎን ከሆነ መተግበሪያው «ልከታተልሽ?» ሲል እምቢ በዪ። አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ የማስታወቂያ መለያ ቁጥርሽን ሰርዢ። ከዚያ ዋጋውን በጓደኛሽ ስልክ አስተያዪው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
የኔ እህት፣ ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል? በቀጥታ ከአየር መንገዱ ግዢ። በአሜሪካ ደንብ በረራው 7 ቀንና ከዚያ በላይ ከቀረው፣ አየር መንገዱ ወይ ዋጋውን ሳያስከፍል 24 ሰዓት ይይዝልሻል፣ ወይ ገዝተሽ በ24 ሰዓት ውስጥ ከሰረዝሽ ገንዘብሽን ሙሉውን ይመልሳል። ደንቡ የትኬት ድረ ገጾችን አያስገድድም፤ እኔ በዚያ ተቃጥያለሁ።

ጠያቂ፦
ዘግቼ ከፈትኩት። 20 ደቂቃው እንደገና ከ20 ጀመረ! 14ቱ ሰዎችም አሉ፣ ያው 14። ነገ ጠዋት አየር መንገዱ ጋ እደውላለሁ።