«ኢንስቲትዩሽናል» ሁሌም «ተቋማዊ» ነው ወይ?

ሰሞኑን ስለ አንድ አረጋዊ ጤንነት የተጻፈ ወረቀት ለቤተሰቡ ስተረጉም «ኢንስቲትዩሽናል ኬር» የሚል ገጠመኝ። ብዙም ሳላስብ «ተቋማዊ እንክብካቤ» ብዬ ጻፍኩ። ባለቤታቸው አንብበው «እሰይ፣ በሥርዓት ይታከማል ማለት ነዋ!» አሉኝ። እንግሊዝኛው የሚለው ግን ከቤታቸው ወጥተው አረጋውያን መኖሪያ ይግቡ ነው። በጣም ደነገጥኩ።

ሁለቱን ቃላት የሚለያያቸው ድምፀታቸው ይመስለኛል። እኛ «ተቋማዊ» ስንሰማ ትዝ የሚለን በየሪፖርቱ የለመድነው «ተቋማዊ አቅም»፣ «ተቋማዊ አሠራር» ነው፤ ማሞገሻ በሉት። እንግሊዝኛውም እንዲህ ያለ አገባብ አለው። የጡረታ ፈንድና ኢንሹራንስ አክሲዮን ሲገዙ «ተቋማዊ ኢንቨስተር» ብንላቸው ምንም አይጎድልም። ስለ ምግብ ወይም ስለ ግድግዳ ቀለም ሲነገር ግን ቃሉ ይቀዘቅዛል። በትልቅ ድስት ተሠርቶ ለሁሉም እኩል የሚጨለፍ፣ ለዛ የሌለው ነገር ማለት ይሆናል። ግቢ የኖረ ሰው «የካፌ ወጥ» ቢሉት ወዲያው ይገባዋል፤ «ተቋማዊ ወጥ» ቢሉት ግን ግራ ይጋባል።

ከሁሉም የሚከብደኝ «ተቋማዊ ዘረኝነት» ነው። ትርጉሙ ትክክል ነው፤ አንባቢ ግን በመመሪያ የታወጀ አድልዎ አድርጎ ይረዳዋል። ስቴፈን ሎውረንስ የተባለው ጥቁር ወጣት እ.ኤ.አ. በ1993 ለንደን ውስጥ ተገደለ። የፖሊስን ምርመራ የፈተሸው የማክፈርሰን ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ1999 ሲወጣ ቃሉን የተጠቀመበት ለሌላ ነገር ነው፦ መሥሪያ ቤቱ በጅምላ፣ በቀለማቸው ወይም በዘራቸው ምክንያት ለሰዎች ተገቢውን አገልግሎት ሳይሰጥ ሲቀር። ሳያውቁት የሚያደርጉት አድልዎም እዚያ ውስጥ ይገባል። ማንም ሰው «አድሉ» ብሎ ባይጽፍም ማለት ነው። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ ሲመጣ «በአሠራር ውስጥ የሰረፈ ዘረኝነት» እላለሁ፣ ከዚያ በኋላ «ተቋማዊ» ብል አንባቢው ይከተለኛል።

የአረጋዊውን ወረቀት በመጨረሻ «ከቤት ወጥቶ በአረጋውያን መኖሪያ የሚደረግ እንክብካቤ» ብዬ አስተካከልኩት። ረዝሟል፣ ግን ባለቤታቸው ምን እንደተጠየቁ አወቁ።

አሁን ያቃተኝ «ኢንስቲትዩሽናላይዝድ» የሚሉት ነው፤ እስር ቤት ወይም ሆስፒታል ብዙ ዓመት ከመቆየቱ የተነሣ ውጭ መኖር ያቃተው ሰው። «ግቢውን የለመደ» አይበቃም። እናንተ ምን ትሉታላችሁ?