መረብ የባህሩን ወለል ሲያርሰው ዓሳው ይጠግባል ወይስ ይራባል?

ጥያቄ አለኝ፦
ሰላም ቤቶች፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። ለክላስ ስለ ቦተም ትሮሊንግ እያነበብኩ ነበር፣ ያው ከመርከብ ኋላ ታስሮ ወለሉን እየጠረገ የሚጎተተው ከባድ መረብ ማለቴ ነው፣ ያገኘሁት ጽሁፍ ሁሉ የዓሳውን ምግብ ያጠፋል ነው የሚለው። ግን እኮ ማሳ ሲታረስ ወፎቹ ከኋላ እየተከተሉ ትል እንደሚለቅሙት፣ መረቡ ካለፈ በኋላ ዓሳዎች ግር ብለው መጥተው ሲበሉ ታይቷል። ታዲያ ምግቡ እየወጣላቸው አይደል እንዴ? ጉዳቱ የቱ ጋ ነው?

ደለሌ፦
ያልከው እውነት ነው፣ መረቡ ባለፈ በሰዓታት ውስጥ ዓሳው፣ ሸርጣኑ፣ ኮከብ ዓሳው ይሰበሰባል፣ የተሰበረ ዛጎልና የተቆረጠ ትል አለላ። ግን ድግሱ ቶሎ ያልቃል። ገበሬ የሚያርሰው ሊዘራ ነው፣ እዚህ ማን ይዘራል? በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ብዙ ጥናቶችን የጨመቀ ትንተና አለ፣ ቀለል የሚለው ኦተር ትሮል በአንድ ማለፍ በአማካይ 2.4 ሴንቲሜትር ገብቶ ከወለሉ ነዋሪዎች 6 በመቶ ያህሉን ያጠፋል፣ ውሃ በግፊት እየረጨ ዛጎል የሚቆፍረው ሃይድሮሊክ ድሬጅ ግን 16 ሴንቲሜትር ወርዶ 41 በመቶ! ለማገገም ደግሞ ከ2 እስከ 6 ዓመት ገደማ ይፈልጋል፣ በየዓመቱ ደጋግመው የሚጎትቱበት ቦታ እንግዲህ መቼ ሊያገግም ነው።

ነገር ቆስቋሽ፦
ደለሌ ልክ ነው ግን ለኔ ከብዛቱ በላይ ሜኑው መቀየሩ ነው ዋናው። መጀመሪያ የሚያልቁት ትልልቆቹና ቀስ ብለው የሚያድጉት ናቸው፣ ዕድሜ ጠገብ ዛጎሎች፣ ስፖንጅ የሚባሉት ወለሉ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ እንስሳት፣ ምናምን። ጥቃቅን ትሎች ቶሎ ስለሚባዙ ተመልሰው ይሞላሉ። ስለዚህ ትል የሚበላው እንደ ፕሌስ ያለ ጠፍጣፋ ዓሳ መጠነኛ ትሮሊንግ ብዙም ላይጎዳው ይችላል፣ ትልልቅ ነገር የለመደው ግን ጾሙን ያድራል ወይ ሌላ መብላት ይጀምራል።

ይሄን ለማወቅ ሆዱን ቀዶ ማየት አይበቃም፣ ሆድ የመጨረሻዋን ምሳ ብቻ ነው የሚያሳይህ። ከጡንቻው ቁራጭ ወስደው የናይትሮጅንና የካርቦን ኢሶቶፕ (የአንዱ ንጥረ ነገር ቀላልና ከባድ ዓይነት አተሞች) ሲለኩ ግን የወራት አመጋገቡ ይወጣል። ከባዱ ናይትሮጅን በምግብ ሰንሰለቱ አንድ ደረጃ በወጣህ ቁጥር ከሺህ 3.4 አካባቢ ይጨምራል፣ ካርቦኑ ደግሞ ምግቡ ከወለሉ አልጌ ይምጣ ከፕላንክተን (ውሃው ውስጥ ከሚንሳፈፉት ጥቃቅን ሕይወት) ይለይልሃል። ጥልቀት በሌለው የባህር ዳርቻ ይሄ ወሳኝ ነው ምክንያቱም ደለሉ ተነስቶ ውሃው ሲደፈርስ ብርሃን ወለሉ ላይ አይደርስም፣ አልጌው ይቀንሳል፣ በዓይኑ የሚያድነው ዓሳም አደኑ ይበላሽበታል።

ቆይ እስቲ፦
ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ አትውቀጡት እንጂ 😅 ማዕበል ሁሌ የሚያገላብጠው አሸዋማ ወለል ላይ ያሉት እንስሳት መናወጥ ለምደዋል፣ ጭቃና ጠጠር ላይ ነው ነገሩ የሚከፋው። ደግሞ መረቡ ምግቡን ብቻ ሳይሆን በላተኛውንም ነው የሚወስደው፣ የቀረው ዓሳ ይክሳ ይወፍር የሚወስነው የቱ ቀድሞ አለቀ የሚለው ነው። በዴንማርክና በስዊድን መካከል ያለውን ጠባብ ባህር ኦሬሱንድን እዩት፣ ለመርከብ ትራፊክ ተብሎ ከ1932 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትሮል ክልክል ነው፣ ኮድ የሚባለው ዓሳ ለብዙ ዓመታት እዚያ ከጎረቤቱ የካቴጋት ባህር ይልቅ ይበዛ ነበር፣ ትልልቅም ነበር። ግን ወለሉ ስላልተነካ ነው ወይስ ዓሳው ራሱ ስላልተጠመደ? በዚህ ብቻ መለየት አትችልም።

ጥያቄ አለኝ፦
እሺ ገባኝ፣ ሲግራስ (የባህር ሣር) ያለበት ቦታስ? እዚያም ያገግማል?

ደለሌ፦
እሱን ተወው ወንድሜ። ፖዚዶኒያ የሚባለው የሜዲትራኒያን ሲግራስ ወደ ጎን የሚሰፋው በዓመት ጥቂት ሴንቲሜትር ነው፣ አንዴ ከተነቀለ ልጅህም አያየውም። ትንንሾቹ ዓሳዎች የሚደበቁበትም የሚበሉትም እዚያው ስለሆነ ሁለቱንም ባንዴ ያጣሉ። የአውሮፓ ህብረት በ2006 እ.ኤ.አ. ሜዲትራኒያን ላይ ትሮልን ከሲግራስ ላይ ከልክሏል፣ ከዳርቻ 3 ኖቲካል ማይል ውስጥም እንዲሁ፣ ጥልቀቱ ቀድሞ 50 ሜትር ከደረሰ ግን ክልከላው እዚያ ያበቃል። ፕሬዘንቴሽንህ ላይ ኦሬሱንድን ካስገባህ ግን የ"ቆይ እስቲ"ን ጥያቄም አብረህ አስገባ፣ መምህሩ መጠየቁ አይቀርም።