ዱፕላንቲስ ለምን አንድ አንድ ሴንቲ ብቻ ይጨምራል? (እና የወንድሜ ጉድ)

የእንጅባራ ልጅ፦
ሰላም ያገር ልጆች። ታናሽ ወንድሜ 14 ዓመቱ ነው። የምርኩዝ ዝላይ የዓለም ባለሪከርዱ ሞንዶ ዱፕላንቲስ በ2025 የቶክዮ ዓለም ሻምፒዮና 6.30 ሜትር ሲዘል ስልክ ላይ ካየ ወዲህ ከጓሮ ቀርከሃ እየቆረጠ የጤፍ ጭድ ክምር ላይ ሲወረወር ይውላል። አባታችን የከብቶቼን ቀለብ በተነው ብሎ ቤቱን በጩኸት አመሰው፤ እውነቱንም ነው። ሁለት ነገር ንገሩኝ። ሰውዬው ሪከርዱን ሁልጊዜ በአንድ ሴንቲ ብቻ የሚያሻሽለው ለምንድን ነው? ምርኩዝ ዝላይ በቀርከሃስ ይሆናል ወይስ ልጁ አንገቱን ሊሰብርብን ነው?

ጮቄ፦
ገንዘብ ነዋ ወንድሜ! ሪከርድ በሰበረ ቁጥር ጉርሻ አለው፤ ዓለም ሻምፒዮና ላይ ከሆነ 100 ሺህ ዶላር ነው። በ2020 ፖላንድ ላይ በ6.17 ጀመረ፣ እስከ ቶክዮ 14 ጊዜ ሰበረ፣ አንዴም ሁለት ሴንቲ ጨምሮ አያውቅም። መንገዱን ያሳየው የድሮው ምርኩዝ ዘላይ ቡብካ ነው፤ እሱማ የቤት ውስጡና የሜዳው ተደምሮ 35 ጊዜ ነው የሰበረው። ዋጋ ሊወደድ መሆኑን እያወቀ በርበሬውን ከነጆንያው የሚያራግፍ የቡሬ ነጋዴ አይታችኋል?

የስፖርት አስተማሪዋ፦
ጮቄ፣ ገንዘቡ አለ፣ ግን አንድ ሴንቲን አትናቃት። የሪከርዱ ከፍታ የሚሰቀለው ሰውዬው ብዙ ከዘለለና ከደከመ በኋላ ነው፤ ሦስቴ በተከታታይ ከሳተ ደግሞ አበቃ። ቡብካ ስድስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው፣ የኦሎምፒክ ወርቁ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም በ1988 ሴኡል ላይ 5.90ን ያለፈው በመጨረሻ ሙከራው ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ባርሴሎና ላይ አንድም ከፍታ ሳያልፍ ወጣ።

ወደ ቀርከሃው ልምጣ። ድሮ በእሱ ይዘለል ነበር፤ አሜሪካዊው ዋርመርዳም በ1942 በቀርከሃ 4.77 ሜትር ዘሏል። የዛሬው ምርኩዝ ግን ፋይበርግላስ ነው፣ ጎብጦ ሲቃና ሰውዬውን ወደ ላይ ያስፈነጥረዋል፣ የሚመረጠውም በዘላዩ ክብደት ነው። ከጓሮ የተቆረጠ ቀርከሃ ግን መሃል ላይ ቢሰነጠቅ እንደ ጦር ነው የሚወጋው። ጭዱም ከላይ ሲያዩት ለስላሳ ይመስላል እንጂ ፍራሽ አይሆንም። ይልቅ ልጁን ሩጫ አስጀምረው፤ የዚህ ስፖርት ግማሹ ሩጫ ነው። ዱፕላንቲስ በ2024 ዙሪክ ላይ ከመሰናክል ሯጩ ዋርሆልም ጋር 100 ሜትር ተወራርዶ በ10.37 ቀድሞታል።

ደጀን ላይ ነኝ፦
ፋይበርግላሱንስ ቢያገኝ በምን ይጭነዋል? 5 ሜትር የሚያልፍ ነገር ሚኒባስ ላይ? ለነገሩ ዱፕላንቲስም የጀመረው ጓሮ ነው። አሜሪካ ሉዊዚያና ውስጥ እቤታቸው መዝለያ ነበራቸው፣ አባቱ ራሱ ምርኩዝ ዘላይ፣ እናቱ ስዊድናዊት አትሌት። ወላጅ እንዲህ ሲሆን ነው እንጂ!

የእንጅባራ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ በተለይ አስተማሪዋ። ቀርከሃውን ቀምቼ አጥር አድርጌበታለሁ፣ ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አብረን ልንሮጥ ነው። የደጀኑን ደግሞ ለአባቴ አነበብኩለት፣ የልጁ አባት ጓሮው ውስጥ መዝለያ ሰርቶለት ነበር አልኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና "ከብት ነበረው?" አለኝ።