«ከድያፍራም ግፊ» ማለት ምን ማድረግ ነው?

ሶፕራኖዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስዘፍን ረጅም ሐረግ ላይ ትንፋሽ ያጥረኛል፤ መጨረሻው ላይ ድምፄ ይወርዳል። «ከድያፍራም ግፊ» ስባል ሆዴን በኃይል ወደ ውስጥ እስባለሁ፤ ያኔ ጉሮሮዬ ይታነቃል። አየር ጢም አድርጌ ስጀምር ደግሞ ይብስብኛል። ለምን ይሆን?

የድምፅ አሠልጣኝ፦
እህቴ፣ ድያፍራም አይገፋም! ሥራው አየር ማስገባት ነው። ደረትን ከሆድ የሚለይ እንደ ጉልላት የጎበጠ ጡንቻ ነው፤ ሲኮማተር ወደ ታች ይወርዳል፣ ሳንባ ይሰፋል፣ አየር ይገባል። ሆድ የሚነፋው የሆድ ዕቃ ወደ ፊት ስለሚገፋ እንጂ አየር እዚያ ስለደረሰ አይደለም። አየር የሚያስወጡት የሆድ ጡንቻዎችና በጎድን አጥንቶች መሃል ካሉት ጡንቻዎች የውስጠኞቹ ናቸው፤ የተለጠጠው ሳንባም ራሱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ስለዚህ የሚፈለግብሽ መግፋት ሳይሆን ጎድንሽን ክፍት አድርገሽ የድያፍራሙን መመለስ ማዘግየት ነው።

ጢም ሲል የሚብሰውም ለዚህ ነው። ሳንባ በሞላ ቁጥር የመመለሻ ኃይሉ ይጨምራል። ጎድን ካልያዘው የድምፅ አውታሮችሽ ተጨምቀው ሊይዙት ይታገላሉ፤ መታነቁ እሱ ነው። ለሐረጉ የሚበቃሽን ብቻ ውሰጂ።

ልምምዱ እንዲህ ነው፦ እጆችሽን ታችኛው ጎድን ላይ አድርጊ፣ አውራ ጣት ወደ ኋላ። ምቱ በደቂቃ 60 ይሁን። በ4 ምት ያለ ድምፅ ሳቢ፤ ጎድን ወደ ጎን ይሰፋል፣ ትከሻ አይነሳም። ጉሮሮ ሳትዘጊ 2 ምት ቆዪ። ከዚያ «ስስስ» እያልሽ በ12 ምት አውጪ። ጎድኑ ገና ከመጀመሪያው ከወደቀ ቁጥሩን ቀንሺ፤ እኩል ሲወጣልሽ ወደ 16፣ ቀጥሎ ወደ 20 አሳድጊው። ካዞረሽ አረፍ በይ።

ባሪቶን፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ግን ጥፋቱ ሁልጊዜ የትንፋሽ አይደለም። በአንድ ሙሉ ትንፋሽ «ስ»ን እስከምትችይው ያዢ፤ አርፈሽ «ዝ»ን ድገሚ። ሁለቱ መቀራረብ አለባቸው። «ስ» 20 ሰከንድ ሄዶ «ዝ» 14 ካልሞላ፣ አየሩ በደንብ ባልገጠሙ የድምፅ አውታሮች መሃል እያመለጠ ሊሆን ይችላል። ያኔ የትንፋሽ ልምምድ ብቻውን አይፈታውም። መጎርነን ከታከለበትና ከ3 ሳምንት በላይ ከቆየ የአንገት በላይ ሐኪም ይየው።

ሶፕራኖዋ፦
አመሰግናለሁ። ፈጣን ዜማ ላይ ግን 4 ምት ከየት ይመጣል?

የድምፅ አሠልጣኝ፦
አይመጣም፤ አያስፈልግምም። ሐረጉ እንዳለቀ የሆድሽን ጡንቻ ልቀቂው፣ አፍሽን ለቀጣዩ አናባቢ ቅርጽ ክፈቺ፤ ድያፍራሙ ይወርዳል፣ አየሩም ይገባል። ሲገባ የሚያፏጭ ከሆነ ጉሮሮሽ ጠቧል ማለት ነው፤ በጠበበ ጉሮሮ ደግሞ የሚገባው አየር ያንሳል፣ አውታሮቹም ይደርቃሉ።