ለጽሕፈት ቤትና ለተማሪ፦ ዴስክቶፕ ወይስ ላፕቶፕ?

ዳሞት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፍኖተ ሰላም ላይ አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ልከፍት ነው። ሥራው ማመልከቻ፣ ውል፣ ሲቪ፣ አልፎ አልፎም የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ዘንድሮ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ እሱም ኮምፒውተር ያስፈልገዋል። ሰው ሁሉ «አንድ ላፕቶፕ ግዢ፣ መብራት ሲጠፋም ይሠራል፣ ለሁለታችሁም ይበቃል» ይለኛል። አዲስ ዕቃ መግዛት አቅሜ አይፈቅድም። ያገለገለ ዕቃ ሻጮች ጋ ጠይቄ ሁሉም «ኮር አይ ፋይቭ ነው» ነው መልሳቸው። ምን ትላላችሁ?

ጮቄ፦
ሰላም እህቴ። ለሁለት ሰው አንድ ላፕቶፕ የሚለውን ከወዲሁ ተይው። ልጁ ማርቆስ ይዞት በሄደ ቀን ቤትሽ ሥራ ፈታ ማለት ነው።

ለጽሕፈት ቤቱ ዴስክቶፕ ያዢ። ዋናው ምክንያቴ ኪቦርዱ ነው። በፓወር ግዕዝ (በአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም) ስትጽፊ አብዛኛው ፊደል ሁለት ጊዜ መምታት ይጠይቃል፤ ቀኑን ሙሉ ሲመታ የሚውል ኪቦርድ ዕድሜው አጭር ነው። የዴስክቶፕ ኪቦርድ ሲበላሽ ነቅለሽ ሌላ ትሰኪያለሽ፣ አለቀ። በብዙ ላፕቶፕ ላይ ግን ኪቦርድ ለመቀየር ማሽኑ ይፈታል፣ የዚያው ሞዴል ኪቦርድም መፈለግ አለበት።

«ኮር አይ ፋይቭ» የኢንቴል ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አንጎል፣ የወል ስም ነው፤ ብቻውን ምንም አይነግርሽም። ከኋላው ያለውን ቁጥር አንብቢ። አይ 5-6500 ስድስተኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ነው፣ አይ 5-8500 ስምንተኛ። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስልሽ፤ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ነው። ስድስተኛውን በስምንተኛው ዋጋ እንዳይሸጡልሽ። ራም 8 ጊጋ፣ ዲስኩ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው ፈጣኑ ዲስክ) ከሆነ ለጽሕፈት ይበቃል። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ያለበትን ከወሰድሽ ደንበኛ ቆሞ ዊንዶውሱ እስኪነሳ ትጠብቂያለሽ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ትንንሾቹ የዴል ኦፕቲፕሌክስ ዴስክቶፖች ፓወር ሰፕላያቸው (ለማሽኑ ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል) የራሳቸው ቅርጽ ነው፤ ሲቃጠል ከገበያ ያገኘሽውን ተራውን መግጠም አይቻልም። ሻጩ መለዋወጫ ያገኝ እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ።

ዓባይ ዳር፦
ጮቄ በጻፈው እስማማለሁ፤ ግን ዋናው ጥያቄ መብራቱ ነው። «ላፕቶፕ መብራት ሲጠፋም ይሠራል» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ላፕቶፑ ይሠራል፣ ማተሚያው ይቆማል። ደንበኛው ደግሞ የሚከፍልሽ ለወረቀቱ ነው።

ስለዚህ ከዴስክቶፑ ጋር ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባለባትሪ ሳጥን) ግዢ፣ ምን እንደሚችል ግን አስልተሽ። 650 ቪኤ (ቪኤ የአቅም መለኪያው ነው) የሚባለው ውስጡ ብዙ ጊዜ 12 ቮልት 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ አንድ ነው፤ ሲባዛ 84 ዋት-ሰዓት። ትንሽ ዴስክቶፕና ስክሪን ስትጽፊ አንድ ላይ ከ60 እስከ 80 ዋት ይጎትታሉ። በወረቀት ላይ ሰዓት የሚሞላ ይመስላል፣ ነገር ግን ባትሪው በፍጥነት ሲጎተት አቅሙ ስለሚቀንስ፣ የባትሪው ኃይል ወደ መብራት ሲለወጥም ከፊሉ ስለሚባክን፣ አዲስ ሆኖ 20 ደቂቃ ከሰጠሽ ጥሩ ነው። ውሉን ለመጨረስና ሴቭ ለማድረግ ይበቃል። ባትሪው በሁለት ሦስት ዓመት ይደክማል፤ የሚቀየረው እሱ ብቻ እንጂ ዩፒኤሱ አይጣልም።

የሌዘር ፕሪንተርና የፎቶ ኮፒ ማሽን ከዩፒኤሱ ላይ በጭራሽ አትሰኪ። ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያቀልጠው ፊውዘር በሚሞቅበት ቅጽበት ብዙ መቶ ዋት፣ አንዳንዱ ከ1000 በላይ ይጎትታል፤ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ400 ዋት አይበልጥም የሚችለው። ጮኾ ይጠፋል፣ ኮምፒውተሩንም ይዞት ይጠፋል። ዘዴው እዚህ ጋ ነው፦ እንደ ኤፕሰን ኤል 3250 ያለ ቀለም በጠርሙስ የሚሞላ ፕሪንተር ሲያትም 20 ዋት እንኳ አይሞላም። እሱን ከዩፒኤሱ ላይ ብትሰኪ መብራት በጠፋ ሰዓትም አሥር አሥራ አምስት ገጽ ታወጫለሽ። ጉድለቱ፣ ቀለሙ ውኃ ሲነካው ይለቃል፣ ለሳምንታት ከቆመም ኖዝሉ (ቀለም የሚረጭበት ቀዳዳ) ይደፈናል፤ በየሁለት ሦስት ቀኑ አንድ ባለቀለም ገጽ አትሚበት። ፎቶ ኮፒውን ራሱን ያለ መብራት ማሠራት ካማረሽ መልሱ ጀነሬተር ነው።

ዳሞት፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ የፕሪንተሩን ነገር ማንም አልነገረኝም ነበር። የወንድሜስ? ያገለገለ ላፕቶፕ ስገዛ ባትሪው መድከሙን በምን አውቃለሁ?

ጨሞጋ፦
ለእሱ ላፕቶፕ ነው፣ ጥያቄ የለውም፤ ቤተ መጻሕፍትም ዶርምም ይዞት ይዞራል። ግን ዲፓርትመንት ሳይመደብ ውድ ማሽን አትግዢለት። የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ስለሆነ ወርድና ፒዲኤፍ ነው የሚበዛው። ኋላ ሲቪል ምህንድስና ወይም አርክቴክቸር ቢደርሰው ራም ወደ 16 ጊጋ ማሳደግ ይመጣል፤ ስለዚህ ሁለት የራም ቦታ ያለው ይሁን። ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ 480 እና ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ 5 ሁለቱም በአብዛኛው ስምንተኛ ጀነሬሽን ያላቸው ናቸው፣ ሁለት የራም ቦታም አላቸው። እኔ ብሆን ቲ 480ን አስቀድማለሁ፤ አንዱ ባትሪው ከውጭ በእጅ ስለሚነቀል ሲደክም መቀየሩ ቀላል ነው።

ባትሪውን ሱቁ ውስጥ እዚያው ፈትሺ። ኮማንድ ፕሮምፕት (ዊንዶውስ ውስጥ ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ከፍተሽ የባትሪ ሪፖርት አስወጪና ሁለት ቁጥር አስተያዪ፦ ባትሪው አዲስ ሳለ የነበረውን አቅም፣ ዲዛይን ካፓሲቲ የሚለውን፣ እና አሁን የሚይዘውን፣ ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ የሚለውን። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ግማሽ በታች ከሆነ የባትሪ መቀየሪያ ከዋጋው ላይ አስቀንሺ። በሪፖርቱ ብቻም አትመኚ፤ ቻርጀሩን ንቀይና 20 ደቂቃ ቪዲዮ አጫውቺ። 40 በመቶ ያሳይ የነበረው በድንገት 7 ላይ ከወደቀ ባትሪው ሞቷል።

ከዚያ አጥፍተሽ አስነሺና ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ያለው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ) ግቢ፤ መግቢያ ቁልፉ ለሌኖቮ ቲንክፓድ ኤፍ 1፣ ለዴል ኤፍ 2፣ ለኤችፒ ኤፍ 10 ነው። የይለፍ ቃል ከጠየቀሽና ሻጩ ካላወቀው፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ትተሽው ውጪ፤ የቲንክፓድ የባዮስ የይለፍ ቃል ተራ ጥገና ቤት አይፈታውም።

ዓባይ ዳር፦
አንድ ረስቼ ነበር። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ሶኬቱን ከግድግዳው ንቀይ፤ ዩፒኤስ መብረቅ አያቆምም። መብራት ሄዶ ሲመለስም ፎቶ ኮፒውን ወዲያው አታብሪ፣ አምስት ደቂቃ ይረጋጋ።