ከአሜሪካ የተላከልኝ ስልክ የአገራችንን ሲም አልቀበልም አለ፤ ስልክ ሠሪዎች ለአንድ ቴሌኮም ብቻ ለመሸጥ ለምን ይዋዋላሉ?

የጅሬኗ መምህርት

የተከበራችሁ የዚህ ገጽ ተሳታፊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ከተማ ውስጥ የማስተምር መምህርት ነኝ። አሜሪካ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ለትንሣኤ በዓል ወደ አገር ቤት በመጣ ሰው እጅ አይፎን 13 ላከችልኝ። እሷ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ተጠቅማበታለች፤ ሆኖም ጭረት እንኳ የለበትም። የኢትዮ ቴሌኮም ሲሜን ስከትበት ግን «ሲም ኖት ሰፖርትድ» (ይህን ሲም አልቀበልም) የሚል ጽሑፍ አወጣ። የልጄን የሳፋሪኮም ሲም ተውሼ ብሞክርም ውጤቱ ያው ሆነ።

አንድ ሱቅ ብወስደው ባለሙያው እንደ ወረቀት የሳሳች ባለወርቃማ ነጥብ ቺፕ ከሲሙ ሥር ለጥፎ፣ አንድ ረጅም ቁጥር አስገብቶ አስነሣልኝ። ከፍዬ በደስታ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። በ11ኛው ቀን ስልኩ ራሱን ሲያድስ አድሮ ጠዋት ያ ጽሑፍ ተመልሶ መጣ። ወደ ሱቁ ስመለስ «ማደስ አልነበረብሽም» ከመባል በቀር ያገኘሁት መፍትሔ የለም።

እህቴ ስልኩን የገዛችው ከስልክ ሠሪው ሳይሆን ከቴሌኮም ኩባንያ ስለሆነ «ተቆልፎ ይሆናል» አለችኝ፤ ከሸጠው ኩባንያ ሲም በቀር ሌላ አይቀበልም ማለቷ ነው። ሁለት ነገር እንድታስረዱኝ እለምናለሁ። አንደኛው ይህን ስልክ በሕጋዊ መንገድ ማስከፈት ይቻል እንደሆነ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከገንዘቡ በላይ ያሳሰበኝ ነው፦ አንድ ስልክ ሠሪ ዕቃው በዓለም ሁሉ እንዲሸጥለት እየፈለገ፣ ገበያውን ለአንድ ቴሌኮም ብቻ አሳልፎ የሚሰጠው ምን አግኝቶበት ነው?

ጠጋኙ ከሄርማታ

እህቴ፣ በመጀመሪያ ስለደረሰብዎ አዝናለሁ። እኔም በዚሁ ሙያ የምኖር በመሆኔ ያች ቺፕ ምን እንደሆነች ለደንበኛ ሳይነግሩ መለጠፍ ትክክል ነው ብዬ አላምንም። አር ሲም ወይም ቱርቦ ሲም የምንላት ናት። ሥራዋ ስልኩ ሲነቃ የሚያነበውን የሲም መረጃ በመቀየር፣ የገባው ሲም የዚያው የቆለፈው ኩባንያ እንደሆነ አድርጎ ስልኩን ማታለል ነው። የአይፎን ሠሪው አፕል ቀዳዳውን በዝማኔ፣ ማለትም ስልኩ ራሱን ሲያድስ፣ ሲደፍን ማታለያው ያበቃል። ስለዚህ ስልክዎ ለእነዚያ ቀናት ቁልፉን ተሸውዶ ሠራ እንጂ አልተከፈተም።

በአይፎን ላይ ቁልፉ የሚወሰነው በስልኩ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በአፕል ሰርቨር (ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ላይ ነው። እያንዳንዱ ስልክ 15 አሃዝ ያለው አይኤምኢአይ የተባለ መለያ ቁጥር አለው፤ *#06# ሲደውሉ ይወጣል። የሸጠው ኩባንያ «ይህ ቁጥር ይከፈት» ብሎ ለአፕል ሲያሳውቅ ስልኩ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ መከፈቱን ያረጋግጣል፤ ከዚያ በኋላ ዝማኔ አይመልሰውም። በብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ግን ሌላ ኩባንያ ሲም ሲገባ «ሲም ኔትወርክ አንሎክ ፒን» ብሎ የሚጠይቀውን ኮድ ያው ኩባንያ ይሰጣል።

መንገዱ እንግዲህ በእህትዎ በኩል ነው። ስልኩ በየወሩ በሚከፈል ክፍያ የተገዛ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ዕዳው እስኪያልቅ ድረስ አይከፈትም፤ ካለቀ ግን አሜሪካ ውስጥ ያሉት ትልልቅ ኩባንያዎች በጥያቄ የመክፈት ግዴታ ገብተዋል። ሲከፈት በማስተካከያው (ሴቲንግስ) ውስጥ ስለ ስልኩ በሚገልጸው ገጽ፣ ካሪየር ሎክ ከሚለው ጎን «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» (የሲም ገደብ የለም) የሚል ጽሑፍ ያያሉ። ሌሎቻችሁም ከውጭ የመጣ አይፎን ስትገዙ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ገጽ ከፍታችሁ ተመልከቱ። አሜሪካ የተሸጡት ከአይፎን 14 ጀምሮ ያሉት የሲም ማስገቢያ ጨርሶ እንደሌላቸውም ልብ በሉ።

የኤሌክትሮኒክስ መምህር

የመምህርቷ ሁለተኛ ጥያቄ ሰፋ ያለ መልስ ይገባዋል። እኔም ለተማሪዎቼ ደጋግሜ ከማነሣቸው ጉዳዮች አንዱ ነው።

አይፎን ከመምጣቱ በፊት በአሜሪካ ገበያ የበላይ የነበሩት ስልክ ሠሪዎቹ ሳይሆኑ ቴሌኮሞቹ ነበሩ። በስልኩ ጀርባ ላይ የማን ዓርማ እንደሚታተም፣ ምን ምን ፕሮግራም እንደሚጫንበት፣ የትኛው አገልግሎት እንደሚዘጋበት የሚወስኑት እነሱ ነበሩ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2007 የመጀመሪያውን አይፎን ሲያስተዋውቅ ስልክ ሸጦ የማያውቅ ኩባንያ ስለነበር፣ ይህን አጥር ለማለፍ የሚከፍለው ነገር ያስፈልገው ነበር። የከፈለውም በብቻ የመሸጥን መብት ነው። ያኔ ሲንጉላር ይባል የነበረውና ብዙም ሳይቆይ ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው ኩባንያ በአሜሪካ ብቸኛው የአይፎን አቅራቢ ሆነ። በምላሹ አፕል የስልኩን መልክና ሶፍትዌር ያለማንም ጣልቃ ገብነት የመወሰን ነጻነት አገኘ፤ የድምፅ መልእክቶችን በዝርዝር የሚያሳየው አገልግሎት እንዲሠራ ቴሌኮሙ ኔትወርኩን እስከማስተካከል ደረሰ፤ ከደንበኞች ወርኃዊ ክፍያም ድርሻ ይሰጠው ነበር። ቴሌኮሙ ያተረፈው ደግሞ የተፎካካሪዎቹን ደንበኞች ነው፤ ያንን ስልክ የፈለገ ሁሉ ወደ እሱ ከመሄድ ሌላ አማራጭ አልነበረውምና።

በገዢው ላይ የሚያርፈውን ሸክም ለማየት አንድ ሒሳብ ብንሠራ ይበቃል። የመጀመሪያው አይፎን ዋጋ በወራት ውስጥ ወደ 399 ዶላር ወርዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 አይፎን 3ጂ ከሁለት ዓመት ውል ጋር በ199 ዶላር ቀረበ፤ ሰዉም ዋጋው በግማሽ ቀነሰ ብሎ ተሰለፈ። ነገር ግን ወርኃዊው የኢንተርኔት ክፍያ ከ20 ወደ 30 ዶላር ከፍ ብሎ ነበር። በ24 ወር ተጨማሪው 240 ዶላር ይሆናል፤ የተቀነሰው ግን 200 ዶላር ብቻ ነው። ድጎማ የተባለውን የዋጋ ቅናሽ ገዢው ራሱ በየወሩ ከነወለዱ መለሰው ማለት ነው።

በአውሮፓም መንገዱ ተመሳሳይ ነበር፤ በብሪታንያ ኦቱ፣ በጀርመን ቲ ሞባይል፣ በፈረንሳይ ኦራንዥ መብቱን ያዙ። በፈረንሳይ ግን ተፎካካሪው ቡዊግ ቴሌኮም አቤት ብሎ የአገሪቱ የውድድር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2008 የኦራንዥን ብቸኛ መብት አገደው። ብዙም ሳይቆይ ሌሎቹ ኦፕሬተሮች አይፎንን መሸጥ ጀመሩ። ይህ ውሳኔ በእኔ አስተያየት በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ነው፤ የንግድ ስምምነት የሁለት ወገን ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነና ሦስተኛ ወገን፣ ማለትም ገዢው፣ እንዳለበት በግልጽ አስቀምጧልና።

ብቸኛ ውል ሁልጊዜ ለስልክ ሠሪው ይበጃል ማለትም አይደለም። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2014 ፋየር ፎን የተባለውን ስልክ ለኤቲ ኤንድ ቲ ብቻ ሰጥቶ በ199 ዶላር አቀረበው። ሁለት ወር ሳይሞላው ዋጋውን ወደ 99 ሳንቲም አወረደ፤ በዚያው ዓመትም የ170 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ መዘገበ። የስልኩ ድክመት ብዙ ነበር፤ ነገር ግን ከሌላ ቴሌኮም ጋር ላለው ሰው በሩ አስቀድሞ ተዘግቶ ነበር።

ጠጋኙ ከሄርማታ

መምህር፣ አንድ ነገር ልጨምር። በአሜሪካ የኤቲ ኤንድ ቲ ብቸኛነት ያበቃው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2011 ሌላው ቴሌኮም ቬራይዞን አይፎን 4ን መሸጥ ሲጀምር ነው። የቬራይዞን ኔትወርክ ሲም የማይፈልገው፣ ሲዲኤምኤ የተባለው ዓይነት ስለነበር ግን ያ ስልክ የሲም ማስገቢያ አልነበረውም። ከዓመታት በፊት አንድ አባት ልጃቸው የላከላቸውን እንዲህ ያለ ስልክ በመሐረብ ጠቅልለው አመጡልኝ። የጎኑን ጠርዝ በጣታቸው ደጋግመው እየዳሰሱ «ሲሙ የሚገባበት ቀዳዳ የት አለ?» ሲሉኝ፣ የለም ብሎ መመለስ በጣም ከበደኝ። ፎቶ አንሥተውበታል፤ ደውለውበት ግን አያውቁም። ውሉ ፈርሶ እንኳ ዳፋው ጅማ ድረስ መጣ ማለት ነው።

ስልክ ነጋዴው

የተባለውን ሁሉ በአክብሮት አንብቤያለሁ፤ ነገር ግን ጉዳዩ በአንድ ወገን ብቻ እየታየ ይመስለኛል። እኔ በየቀኑ ስማርት ስልክ ጠይቀው፣ ዋጋ ሰምተው፣ አመስግነው የሚሄዱ ሰዎችን አያለሁ። በኬንያ ሳፋሪኮም ከጉግል ጋር ተባብሮ እ.ኤ.አ. በ2020 በቀን 20 ሺሊንግ የሚከፈልበትን የስልክ ሽያጭ ጀመረ፤ ክፍያው ሲቋረጥ ስልኩ ይቆለፋል። በህንድ ጂዮ የተባለው ቴሌኮም እ.ኤ.አ. በ2017 በ1,500 ሩፒ ተመላሽ ማስያዣ ባለ 4ጂ ስልክ ሲያቀርብ፣ ስልኩ የሚሠራው በጂዮ ሲም ብቻ ነበር። ቁልፉ ባይኖር ማን አምኖ በዱቤ ይሰጣቸው ነበር? ቁልፍ ለድሃው ዋስ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይህን መንገድ ከአሁኑ ብንዘጋው የሚጎዳው ሙሉ ዋጋ በአንድ ጊዜ መክፈል የማይችለው ሰው ነው።

የኤሌክትሮኒክስ መምህር

ወንድሜ፣ ያነሡት ነጥብ ትክክለኛ ስለሆነ በቀላሉ አላልፈውም። ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ቁልፎችን አንድ አድርገን እንዳናይ እፈራለሁ። የኬንያው ቁልፍ የዕዳ ቁልፍ ነው፤ ዕዳው ሲያልቅ የቁልፉም ምክንያት ያልቃል። የብቸኝነት ቁልፍ ግን ዕዳውን ለከፈለውም፣ ስልኩን በሙሉ ዋጋ ለገዛውም፣ ከእጅ ወደ እጅ ለደረሰውም ያው ነው። የመጀመሪያውን እደግፋለሁ፤ ሁለተኛውን አልቀበልም።

ሌሎች አገሮችም መስመሩን በዚህ አካባቢ ለማስመር ሞክረዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 ደንበኞች ስልካቸውን ማስከፈት እንዲችሉ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2017 ጀምሮ ተቆልፎ የሚሸጥ ስልክን ከለከለች፤ ብሪታንያም እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ተከተለች። በካናዳም ሆነ በብሪታንያ በወርኃዊ ክፍያ ስልክ መግዛት አልቀረም፤ ዕዳው የሚሰበሰበው በውሉ ነው።

እኛ አገር ይህ ጣጣ እስከ ቅርብ ጊዜ ያልገጠመን ምክንያቱ ቀላል ነው። ኦፕሬተሩ አንድ በነበረበት ዘመን ማንን ከማን ለመለየት ይቆለፋል? ስልኩ የሚሸጠው በገበያ ነው፤ የቴክኖ ስልኮች ሠሪው ትራንሽን ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚሁ አገር የሚገጣጥማቸው ስልኮችም ሁለት ሲም ይቀበላሉ፤ ሁለተኛው ቦታ በብዙ ሰው ስልክ ላይ ለዓመታት ባዶውን ተቀምጦ ነበር። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ደንበኛን የሚሻሙ ሁለት ኩባንያዎች አሉን። ስልክን በዱቤ መስጠት ደንበኛን ከመሳቢያ መንገዶች አንዱ እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሳይቃጠል በቅጠል ብሎ፣ ዕዳው ያለቀ ስልክ ያለ ክፍያና በተወሰነ ቀን ውስጥ እንዲከፈት፣ መቆለፉም በሽያጩ ሰዓት በጽሑፍ እንዲነገር የሚያስገድድ ግልጽ መመሪያ ቢያወጣ፣ እርስዎ የሚያስቡላቸው ደንበኞችም ዱቤያቸውን ያገኛሉ፤ የመምህርቷ ዓይነት ችግርም አይደርስባቸውም።

ስልክ ነጋዴው

በዚህ መልክ ከሆነ እስማማለሁ። በተለይ መቆለፉ በጽሑፍ ይነገር የሚለው ለእኛ ለቸርቻሪዎችም ይጠቅማል፤ የማናውቀውን ስልክ ሸጠን ከደንበኛ ጋር የምንጣላው እኛ ነንና።

የጅሬኗ መምህርት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ያላችሁኝን ለእህቴ በዝርዝር ጻፍሁላት። ስትጠይቅ የ36 ወር ክፍያ ውል ኖሮባት ስድስት ወር ይቀራታል፤ ስልኩን ከላከችልኝ በኋላም በየወሩ ስትከፍል ነበር፤ እኔ ግን አላውቅም። ቀሪውን በአንድ ጊዜ ከፍላ የመክፈቻ ጥያቄውን አስገባች። ትናንት ከሰዓት በኋላ ከዋይፋይ ጋር አገናኝቼ ያን ገጽ ስከፍተው «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ይላል። ሲሙን ሳስገባ ግን ያች ሳሳ ያለች ቺፕ ከሲሜ ጋር ተጣብቃ አልላቀቅ አለች፤ ስልኩም አንዴ ያነብባል፣ አንዴ ይተዋል። በጥፍሬ ልላጣት?

ጠጋኙ ከሄርማታ

እንኳን ደስ ያለዎት፣ እህቴ። በጥፍር አይላጧት፤ የሲሙን ወርቃማ ገጽ ሊፍቅብዎ ይችላል። ቺፕዋን ከነሲሙ ይተዋትና መታወቂያዎን ይዘው ወደ ኦፕሬተሩ የአገልግሎት ማዕከል በመሄድ በዚያው ቁጥር ምትክ ሲም ያውጡ። አዲሱን ሲም ብቻውን ያስገቡት።