ሪል አናሊሲስን ያለ ፕሪሪኩዚት ልውሰድ ወይስ ዓመት ልጠብቅ?

ተዛዋሪዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ምህንድስና ጀምሬ ነበር፣ አሁን ወደ ሒሳብ ዲፓርትመንት ተዛውሬያለሁ። ካልኩለስ 1 እና 2 ጨርሻለሁ፣ ሁለቱም ላይ ጥሩ ግሬድ አለኝ። ዲፈረንሻል ኢኩዌሽንም ወስጃለሁ። ማትሪክስ ከሌላ ኮርስ ጋር ተደርቦ ሦስት ሳምንት ያህል ተምረናል፣ ሊኒየር አልጀብራን ለብቻው ግን አልወሰድኩም። የፕሩፍ ኮርስ የሚሉትንም (የሒሳብ ማረጋገጫ መጻፍ የሚያስተምረውን፣ ሎጂክ፣ ስብስብ፣ ሪሌሽን፣ ኢንዳክሽን ያለበትን) አልወሰድኩም።

ለቀጣዩ ሰሚስተር ስመዘገብ ሲስተሙ ሪል አናሊሲስ 1ን ከለከለኝ። ፕሪሪኩዚቱ (ቀድሞ መወሰድ ያለበት ኮርስ) የፕሩፍ ኮርሱ ነው። ሪል 1 ደግሞ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ብቻ ነው። ካመለጠኝ ዓመት ልጠብቅ ነው። አማካሪ ፈርሞበት በልዩ ፈቃድ የሚያስገባ ፎርም አለ ተባልኩ። ልሙላው? ፕሪሪኩዚት የምር ነው ወይስ ወረቀት ላይ ያለ ወግ?

ያሰብኳቸው ኮርሶች ሪል አናሊሲስ 1፣ አብስትራክት አልጀብራ 1፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ፕሮባቢሊቲ እና መልቲቫሪያብል ካልኩለስ ናቸው። አምስት መሆናቸውን አውቃለሁ፣ አትቆጡኝ። ለመመረቅ አምስት ሰሚስተር ይቀረኛል።

ገደል አፋፍ

እህቴ፣ እኔ ያንን ፎርም ሞልቻለሁ። አትሙይው።

ካልኩለስ ላይ ኤ ነበረኝ፣ ልቤ አብጦ ገባሁ። የመጀመሪያው አሳይመንት ላይ "ወደ አንድ ሊሚት የሚሄድ ሴኩዌንስ ሁሉ ባውንድድ (ከሆነ ገደብ የማያልፍ) መሆኑን አሳይ" የሚል ጥያቄ ነበር። ሥዕል ሣልኩና ከሥሩ "ግልጽ ነው" ብዬ ጻፍኩ። በቀይ እስክሪብቶ "ለምን?" ተብሎ ተመለሰልኝ። ሰሚስተሩን ሙሉ ያቺ "ለምን?" ተከተለችኝ። መጨረሻ ላይ ኤፍ። ዓመት ላለመጠበቅ ብዬ ዓመት ጠበቅኩ፣ ግሬዴም ተበላሸ።

የመጨረሻ ወንበር

ሁሉም እንደ ገደል አፋፍ አይወድቅም። እኔም ያለ ፕሩፍ ኮርስ ገብቼ ቢ ይዤ ወጥቻለሁ። ግን እውነቱን ልናገር፣ ከዚያ በፊት የነበረውን እረፍት ሙሉ የፕሩፍ ኮርሱን የጓደኛዬን ደብተር ይዤ ብቻዬን ስሠራ ነበር። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ፣ በእጄ እየጻፍኩ። ስለዚህ ኮርሱን አልወሰድኩም ማለት አልተማርኩትም ማለት አይደለም።

ጠመኔ

ይህንኑ ኮርስ ስለማስተምር ትንሽ ላብራራ።

ፕሪሪኩዚት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ የይዘት ነው። ለምሳሌ ፕሮባቢሊቲን ተመልከቺ። የኖርማል ስርጭት ቀመር ውስጥ ያለው ፓይ ከየት መጣ? ኢንተግራሉን በራሱ አባዝተሽ ደብል ኢንተግራል ታደርጊዋለሽ፣ ከዚያ ወደ ፖላር ኮኦርዲኔት ትቀይሪዋለሽ፣ ፓይ ብቅ ይላል። ይህን ያላየ ተማሪ ቀመሩን አምኖ ይቀበላል። የሁለት ቫሪያብሎች የጋራ ስርጭት ላይ ሲደረስ ግን ማመን ብቻውን አያዋጣም፣ ራስሽ ኢንተግሬት ማድረግ አለብሽ። የጂኦሜትሪክ ስርጭትን አማካይ ለማግኘት ደግሞ የካልኩለስ 2 ሲሪስ ይበቃል፣ እሱ አለሽ።

ሌላው ዓይነት የልማድ ነው። የሪል አናሊሲስን የመጀመሪያ ርዕሶች ስታያቸው ታውቂያቸዋለሽ፦ ሴኩዌንስ፣ ሊሚት፣ ኮንቲኒዩቲ፣ ዴሪቬቲቭ። ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ካልኩለስ ላይ "ሊሚቱ ስንት ነው?" ትባያለሽ። እዚህ "ሊሚቱ ይህ ነው ስትዪ ምን ማለትሽ ነው?" ነው የምትባዪው። በነገራችን ላይ ኒውተንና ላይብኒዝ ካልኩለስን ያቆሙት በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሊሚት አሁን የምንጠቀምበትን ጥብቅ ትርጓሜ ያገኘው በ19ኛው፣ በእነ ኮሺና በእነ ቫየርሽትራስ ነው። ሒሳብ ዐዋቂዎች ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀባቸውን እኛ በአንድ ሰሚስተር እናስኬዳችኋለን። ቢከብድሽ አይግረምሽ።

አብስትራክት አልጀብራም ከዚሁ ወገን ነው። ካልኩለስ ብዙም አይፈልግም። ግን ኮሸንት ግሩፕ ላይ ስትደርሺ ኢኩዊቫለንስ ሪሌሽንን (የስብስብ አባሎችን አቻ በሆኑ ምድቦች የሚከፍል ግንኙነት) እንደ አፍ መፍቻሽ ካላወቅሽው እዚያው ትቀሪያለሽ።

ፎርሙን ከመሙላትሽ በፊት ወረቀት አውጪና እነዚህን ሞክሪ። መልስ ሳትፈልጊ።

አንደኛ፦ የ2 ስኩዌር ሩት ራሽናል ቁጥር አለመሆኑን አሳዪ።

ሁለተኛ፦ አንድ ፋንክሽን በአንድ ነጥብ ላይ ኮንቲኒየስ ነው የሚባለው፣ ከዜሮ ለሚበልጥ ለማንኛውም ኤፕሲሎን ከዜሮ የሚበልጥ ዴልታ ሲገኝለት ነው። ይህ ዴልታ፣ ከነጥቡ ያለው ርቀት ከዴልታ ለሚያንስ ኢንፑት ሁሉ፣ ውጤቱ ከነጥቡ ውጤት ያለው ርቀት ከኤፕሲሎን እንዲያንስ ያደርጋል። አሁን "ኮንቲኒየስ አይደለም" የሚለውን፣ "አይደለም"ም ሆነ "የለም" ሳትዪ ጻፊ።

ሦስተኛ፦ ሁለት ስብስቦች አሉ። የጋራ አባሎቻቸውን ወስደሽ በፋንክሽን ማሳለፍና፣ እያንዳንዳቸውን በፋንክሽን አሳልፈሽ የውጤቶቹን የጋራ መውሰድ ሁልጊዜ እኩል ነው?

ነጥብ ሰረዝ

ጠመኔ ስለ ችሎታው ብለዋል፣ እኔ ስለ ቀን መቁጠሪያው ልበል። አንቺ የፈራሽው ሪል 1 እንዳያመልጥሽ ነው። ወረቀት ላይ ከመጨረሻው ሰሚስተርሽ ወደ ኋላ ቁጠሪ። በዓመት አንዴ የሚሰጥ ከሆነ ቀጣዩ ዕድልሽ ሦስተኛው ሰሚስተርሽ ላይ ነው። ሪል 2ን አራተኛው ላይ ካገኘሽ አንድ ሰሚስተር ይተርፍሻል። ፈንክሽናል አናሊሲስና መሰል ኢሌክቲቮች እዚያ ይገባሉ። ይጠባል ግን ይሆናል።

እኔን ይበልጥ ያስፈራኝ ሊኒየር አልጀብራን ከአምስቱ እንደ አንዱ አድርገሽ መዘርዘርሽ ነው። እስቲ በእሱ ላይ የተንጠለጠለውን ቁጠሪ። መልቲቫሪያብል ላይ ቫሪያብል ስትቀይሪ የጃኮቢያን ዲተርሚናንት (ከዴሪቬቲቭ ማትሪክስ የሚሰላ ቁጥር) ይመጣል። ኑመሪካል አናሊሲስ ግማሹ ሊኒየር አልጀብራ ነው። የዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ሲስተም በማትሪክስ አይገንቫልዩ ነው የሚፈታው። ስታቲስቲክስ ላይ ሪግሬሽን አለ፣ እሱም በማትሪክስ ይሠራል። አብስትራክት አልጀብራ ላይም መምህሩ ገና ከመጀመሪያው "ኢንቨርስ ያላቸውን ማትሪክሶች ውሰዱ" ብሎ ምሳሌ ይሰጣል። ሪል 1 ቢዘገይ አንድ መስመር ነው የሚዘገየው። ሊኒየር አልጀብራ ላይ ብትወድቂ ወይም ለጥቂት ብታልፊ ሁሉም መስመር ይታመማል።

አምስቱን አንድ ላይ ስለመውሰድ አልመክርሽም። ራስሽ ታውቂዋለሽ።

ተዛዋሪዋ

ጠመኔ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሞከርኳቸው። አንደኛውን ሠራሁት፣ ሃይስኩል ያየሁት ትዝ አለኝ። ሁለተኛው ላይ "ለማንኛውም ኤፕሲሎን ምንም ዴልታ አይገኝም" ብዬ ጻፍኩ። "የለም" አላልኩም ብዬ ተደስቼ ነበር፣ ለካ "አይገኝም"ም ያው ነው። ሦስተኛው ላይ "አዎ፣ እኩል ናቸው" አልኩ። እንዲያውም ፕሩፍ ጽፌለት ነበር።

የመጨረሻ ወንበር

ሃሃ፣ ፕሩፍ የጻፍሽለት ነገር ስህተት ሲሆን ያማል፣ ደርሶብኛል። ፋንክሽኑ ቁጥርን ስኩዌር የሚያደርግ ይሁን። አንዱ ስብስብ ውስጥ 1 ብቻ፣ ሌላው ውስጥ ኔጌቲቭ 1 ብቻ አድርጊ። የጋራ የላቸውም፣ ስለዚህ በፋንክሽኑ የሚያልፍ ነገር የለም። ለየብቻ ስታሳልፊያቸው ግን ሁለቱም 1 ይሰጣሉ። በአንድ በኩል ባዶ፣ በሌላው 1።

ጠመኔ

ትክክል። እኩልነቱ ሁልጊዜ የሚይዘው ፋንክሽኑ ዋን ቱ ዋን (ለተለያዩ ኢንፑቶች የተለያየ ውጤት የሚሰጥ) ሲሆን ነው። ፕሩፍሽን መልሰሽ ብታዪው ይህንን ሳትናገሪ የተጠቀምሽበት መስመር ታገኛለሽ።

የሁለተኛው ስህተት ብዙ ሰው የሚሠራው ነው። "ለማንኛውም" ሲገለበጥ "ቢያንስ አንድ አለ" ይሆናል፣ "አለ" ደግሞ "ለማንኛውም"። ስለዚህ እንዲህ ነው፦ ከዜሮ የሚበልጥ አንድ ኤፕሲሎን አለ፤ ለእሱ ከዜሮ የሚበልጥ የትኛውንም ዴልታ ብትመርጪ፣ ከነጥቡ ያለው ርቀት ከዴልታ የሚያንስ ኢንፑት ይገኛል፣ የውጤቱ ርቀት ግን ኤፕሲሎን ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። ሪል አናሊሲስ ላይ በየሳምንቱ የሚያስፈልግሽ ይህ ነው። የፕሩፍ ኮርሱ የሚያስተምርሽም ይህንኑ ነው። እኔ አማካሪሽ ብሆን አልፈርምም።

ተዛዋሪዋ

ገባኝ። እንግዲህ ፎርሙን ትቼዋለሁ። የፕሩፍ ኮርስ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ መልቲቫሪያብል እና ፕሮባቢሊቲ። ፕሮባቢሊቲና መልቲቫሪያብል አብረው ይሄዳሉ?

ነጥብ ሰረዝ

አብዛኛውን ጊዜ ይሄዳሉ። ግን ሁለቱንም ኮርስ አውትላይን ጎን ለጎን አድርጊ። የጋራ ስርጭት በስንተኛው ሳምንት ነው? ደብል ኢንተግራልስ? ፕሮባቢሊቲው ከቀደመ ፖላር ኮኦርዲኔትን ቀድመሽ ለብቻሽ አንብቢ። የሁለት ቀን ሥራ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ምህንድስና የወሰድሽው ካልኩለስ 2 ውስጥ ፓርሻል ዴሪቬቲቭና ደብል ኢንተግራል ከነበረ ክሬዲቱን አዛውረው መልቲቫሪያብልን እንደወሰድሽ ሊቆጥሩልሽ ይችላሉ። የድሮውን ኮርስ አውትላይን ከማመልከቻው ጋር አያይዢ። የኮርስ ስም ብቻ አይተው አይወስኑም፣ ምዕራፎቹን ነው የሚያስተያዩት።

ተዛዋሪዋ

አሁን አወጣሁት። ፓርሻል ዴሪቬቲቭ አለ፣ ደብል ኢንተግራልም አለ። ላይን ኢንተግራል (በከርቭ ላይ የሚሠራ ኢንተግራል)፣ የግሪንና የስቶክስ ቲዎረም የሉም።

ጠመኔ

እንግዲያው አታዛውሪው፣ ኮርሱን ውሰጂ። ኮምፕሌክስ አናሊሲስ የሚጀምረው ከላይን ኢንተግራል ነው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሚቀሉሽ ያንን ጊዜ ለፕሩፍ ኮርሱ ስጪው። ሦስተኛው ላይ የጻፍሽውን ፕሩፍም አትጣዪው፣ ስህተቱ ያለበትን መስመር ስታገኚ ለጥፊልን።